ያነሳሁት ውሃ

ከአዘዞ ወዲያ፣ መገጭ ወደ ቆላ ከሚታጠፍበት፣
የጎበጠ ሾላ ውሃውን በቅርንጫፉ ከሚነካበት፣
አራት የስሚንቶ ከረጢት በሲባጎ ሰፍቼ፣
ቄጤማ ደርቤ፣ ለሌንሱ አንዲት ቀዳዳ በስቼ፣
ሳይነጋ ገባሁበት።

ጉልበት ከአገጭ ይገጥማል። እግር ይደነዝዛል።
ትንኝ ከጆሮ ገብቶ የሌሊቱን ወሬ ይተርካል።
ሦስት እግር ያለው ካሜራዬ
ከባለቤቱ ይልቅ ተመችቶት ቆሟል።

ሥራዬ ሌላ ነው፤ ፒያሳ፣ ከደረጃው ሥር፣ ጠባብ ቤት አለኝ፤
“ቀና በሉ! ፈገግ! ዓይን እንዳትጨፍኑ!” ስል የኖርሁ ሰው ነኝ።
ሁዳዴ ሲገባ ግን ሙሽራ የለ፣ ሚዜ የለ፣
ቬሎው ማንጠልጠያው ላይ አቧራ ለብሶ ዋለ፤
እኔም ሌንሴን ይዤ ወንዝ ወረድሁ፣
ትእዛዝ የማትሰማ አንዲት ወፍ ፈለግሁ።

መጣች።
ቀለም ሳይፈጠር እንደተነሳ ፎቶ፣ ጥቁርና ነጭ፣
ጎፈሬዋ የቆመ፣ ምንቃሯ ወስፌ፣ ዓይኗ ብልጭ ብልጭ።
ገመድ ሳይኖራት አየር ላይ ተንጠለጠለች፣
ክንፏ እያበደ፣ በራሷ ጸንታ ውሃውን አነበበች፤
ከዚያ ክንፏን ዘጋች፣
እንደ ተጣለ ቢላ
ቁልቁል፤
ጠለቀች።

ጣቴ ከልቤ ኋላ፣ ልቤ ከዓይኔ ኋላ፣
ዓይኔም ከእሷ ኋላ፤
ቀጭ ቀጭ ቀጭ ብሎ ካሜራው፣ ገልጬ ባየው በጥላ፣
ውሃ።
ሁለተኛውም ውሃ፤ አርባኛውም ውሃ፤
ክብ ክብን ሲወልድ፣ ክቡም ሲሳሳ፣
እሷ ማዶ፣ ጉቶ ላይ፣ ራስ ራሱን ስትቀጠቅጠው ያን ዓሣ።
ሰው በከተማው “ዓሣ በሁዳዴ ይበላል፣ አይበላም” ሲከራከር፣
እሷ በልታ ጨረሰች፣ አፏን ጠረገች ከግንድ ዳር።

ውባንተ አሸዋ ያወጣል፤ እስከ ጭኑ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣
አካፋውን ተደግፎ ይስቅብኛል ደጋግሞ፤
“ለመሆኑ ምን ትከፍልሃለች፣ ይቺ የወንዝ እመቤት?
ዓሣዋን ብታካፍልህ እንኳ፣ አይበቃም ለድመት!”
እውነቱን ነው። እሷም አነሳች፣ እኔም አነሳሁ፤
እሷ ቁርሷን ይዛ ሄደች፣ እኔ ውሃ ይዤ ተመለስሁ።

በገብር ኄር ሰኞ ብመጣ፣ ገልባጭ መኪና ቆሟል በተርታ፤
ዳሩ ተቆርጧል፤ የተደገፍሁት አፈር ተጭኖ ሄዷል ማታ።
ሾላው ብቻውን፤ ከረጢቶቼ ጭቃ ውስጥ ተረግጠው፤
የጎጆዋን ቀዳዳ ዓይኔ እየፈራ ፈለገው።
መሃል ላይ አንድ አፈር ቆሟል፣ ከድድ የተረፈ ጥርስ፣
ሆዱ ላይ ቀዳዳ፣ ክንድ የሚውጥ እስከ ክርን ድረስ፤
ዙሪያው ሁሉ ተግጦ፣ አካፋ እሱ ጋ ሳይደርስ።
ውባንተ ላቡን ጠረገ። ሳልጠይቀው መለሰ፤
“እሱ ድንጋይ ይበዛዋል፤ ለግንብ አይሆንም” ብሎ ጨረሰ።

ድንጋይ አልነበረበትም።

ያን ቀን ካሜራውን አላወጣሁም ከሻንጣ።
በግልጽ ተቀመጥሁ፣ ያለ ከረጢት፣ ያለ ጣጣ፤
ጀንበር ወደ ጭልጋ ጠለቀች፤ እሷም ጠለቀች፤
የትኛዋ እንደ ቀደመች እንጃ፤ አንደኛዋ ግን ወጣች።

ፋሲካ አለፈ። ሙሽሮች መጡ፤ ቬሎው ተራገፈ።
ከመስታወቱ በላይ አንድ ፎቶ አለ፣ ከአርባው የተረፈ፤
ክብ ውሃ፣ መሃሉ አረፋ፤ ሌላ የለበትም።
“ወፏስ?” ይላሉ። “ቆዩ፣ ትወጣለች” እላለሁ፤ አያምኑኝም።

በሰኔ፣ ወንዙ ሲደፈርስ፣ አሸዋው ሥራ ሲያቆም፣
ውባንተ መጣ ለመታወቂያ ጉርድ ሊነሳ፤ ወትሮ አይመጣም።
ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ፣ የወንድሙን ኮት አጥልቆ፣
ተቀመጠ በርጩማው ላይ፣ ጉልበቱን በእጁ ጠብቆ።
“ቀና በል!” ልለው ስል፣ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነበረ፤
“ዓሣውን ይዛለች?” አለኝ፣
ትንፋሹን እንደ ቋጠረ።